ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ በብስክሌት፦ ሰውነታችሁ "ደከመኝ" ከማለቱ በፊት

 

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ተደጋግሞ የደረሰኝ ጥያቄ ይሄ ነው፦ "ዶክተር፣ ቀኑን ሙሉ ቢሮ ቁጭ ብዬ ነው የምውለው። ክብደቴ ጨምሯል፣ ግፊቴም ከፍ ከፍ ማለት ጀምሯል። ብስክሌት ልጀምር ወይስ ለልቤ አደጋ አለው?" ሌሎቻችሁ ደግሞ "ለእረፍት ወደ አዊ ልንመጣ ነው፤ ገጠሩን በብስክሌት ማየት ይቻላል ወይ?" ብላችኋል።

ለሁለቱም መልሴ "አዎ፣ ግን ተዘጋጅታችሁ" ነው። እኔ የምሠራው እዚሁ አዊ ውስጥ ነው፤ ተረኛ ባልሆንኩበት ቀን ብስክሌት እነዳለሁ። ከሥራዬም ከመንገዱም የተማርኩትን አንድ ነገር ዛሬ በደንብ እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ፦ በደጋ ላይ ሰውነት ዘግይቶ ነው የሚናገረው። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ጥማቱ ይዘገያል፣ ላቡ አይታይም፣ ፀሐዩ ሲያቃጥል አይሰማም። መንገዱ ቁልቁል ከሆነ ደግሞ ድካሙም ይዘገያል። ስለዚህ ሳትጠሙ መጠጣት፣ ሳትራቡ መብላት፣ ሳትደክሙ መመለስ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነው።

ጽሑፉ ረዘም ስለሚል ሴቭ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

1. ለመሆኑ ለምን ብስክሌት?

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ ይመክራል። 150 ደቂቃ ማለት በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ነው። ብስክሌት ይህንን ለመሙላት በጣም ምቹ ነው፤ የሰውነታችንን ክብደት አብዛኛውን የሚሸከመው ኮርቻው ስለሆነ ጉልበት ላይ ያለው ጫና ከሩጫ ያነሰ ነው። ክብደታቸው ጨመር ላለ ሰዎችና ሩጫ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ጥሩ መጀመሪያ ነው።

በቋሚነት ከተሠራ የደም ግፊትን ዝቅ ያደርጋል፣ ስኳርን ለመቆጣጠር ያግዛል፣ እንቅልፍን ያሻሽላል፣ ጭንቀትን ይቀንሳል። የመጨረሻውን ለማመን ጥናት ማንበብ አያስፈልግም፤ አንድ ቀን ጠዋት በባንጃ የገብስ ማሳ መሀል ነድታችሁ ተመለሱና ራሳችሁን ጠይቁ።

አንዳንዱ ሰው ብስክሌት የልጆች መጫወቻ ወይም የተላላኪ መጓጓዣ ይመስለዋል። አገራችን ግን እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ ከአትሌቶቹ ጋር ብስክሌተኞችንም ልካ ነበር፤ ገረመው ደንቦባ ከነዚያ አንዱ ነው። ጽጋቡ ግርማይም እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል።

2. ከፍታው ሰውነታችንን ምን ያደርገዋል?

እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ዳንግላ 2,100 ሜትር ገደማ፣ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ። በእንጅባራ ከፍታ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ላይ ካለው በሩብ ገደማ ያነሰ ነው። የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ነው እንጂ የአየሩ ጥራት ተበላሽቶ አይደለም።

ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው ልዩነቱ ብዙም አይሰማም፤ አዲስ አበባም ደጋ ናት። ከባሕር ዳር፣ ከመተማ፣ ከድሬዳዋ ወይም ከውጭ አገር የሚመጣ ሰው ግን የመጀመሪያዎቹን 2 እና 3 ቀናት ቀለል አድርጎ መጀመር አለበት። አቀበት ላይ ልባችሁ ቶሎ ቶሎ ቢመታና ትንፋሽ ቢያጥራችሁ የሚጠበቅ ነው። ቀስ ስትሉ የሚረጋጋ ከሆነ ችግር የለውም። ቆማችሁም አልረጋጋ ካለ ግን ተራ ቁጥር 8ን ተመልከቱ።

ውድ ሰዓት ሳትገዙ ጉልበታችሁን የምትለኩበት ቀላል ዘዴ አለ፤ የንግግር ፈተና ይባላል።

• እየነዳችሁ ማውራት ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ፦ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። ለጀማሪ ትክክለኛው ልክ ይሄ ነው።
• ሁለት ሦስት ቃል ተናግራችሁ ትንፋሽ ከቆረጣችሁ፦ ከባድ እንቅስቃሴ ነው። ለጀማሪ አይመከርም።
• እየነዳችሁ አንድ ሙሉ ዘፈን ከዘፈናችሁ፦ ትንሽ በርታ በሉ!

ሌሎች ሁለት ነገሮችም አሉ። አንደኛው ላብ ነው። ብስክሌት ላይ ነፋሱ ላቡን ወዲያው ስለሚያደርቀው "ምንም አላላበኝም" እንላለን። በፍጥነት በተነፈስን ቁጥር በትንፋሽም ውኃ ይወጣል። ቅዝቃዜው ደግሞ የጥም ስሜትን ይቀንሳል። ሁለተኛው ፀሐይ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ቆዳን የሚጎዳው የፀሐይ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ስስ ደመናም ብዙውን ጨረር ያሳልፋል። ስለዚህ እጅጌው ረጅም ልብስ፣ የፀሐይ መነጽርና የፀሐይ መከላከያ ቅባት አስፈላጊ ናቸው። አንገትና የእጅ ጀርባ አይረሱ፤ ብስክሌተኛ ብዙ ጊዜ የሚቃጠለው እዚያ ጋ ነው።

3. መንገዶቹ፦ እንደ መድኃኒት በመጠን ውሰዷቸው

በስፔን ገጠር ጸጥ ባሉ የመንደር መንገዶች ላይ ብስክሌት ለመንዳት ሰዎች ከሩቅ አገር ገንዘብ ከፍለው ይሄዳሉ። እኛ በደጃችን ያለውን እስቲ እንየው።

ጀማሪ፦ ከእንጅባራ ዘንገና ሐይቅ ደርሶ መልስ። ዘንገና በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተፈጠረ፣ ዙሪያውን በዛፍ የተከበበ ሐይቅ ነው። ከከተማው ብዙም አይርቅም። ሐይቁ ዳር አረፍ ብሎ፣ ውኃ ጠጥቶ መመለስ ለጀማሪ በቂ ልምምድ ነው። ዋናው አስፋልት ላይ መኪና ስለማይጠፋ ግን ጠርዝ ይዛችሁ፣ በአንድ ረድፍ ንዱ።

መካከለኛ፦ ከእንጅባራ በአዲስ ቅዳም አድርጎ ዳንግላ። 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ አቅጣጫ በድምሩ ቁልቁለቱ ያመዝናል፤ ወደ 400 ሜትር ዝቅ ትላላችሁ። ብዙ ጀማሪ የሚሸወደውም እዚህ ነው። "አልደከመኝም" ብሎ ዳንግላ ይገባል፤ ሲመለስ ያው 400 ሜትር በደከመ እግር አቀበት ይሆንበታል። ምክሬ ግልጽ ነው፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ብስክሌቱን ፖርቶ መጋላ ላይ አስጭናችሁ በመኪና ተመለሱ። ወይም ከዳንግላ ጀምራችሁ አቀበቱን በጠዋቱ ጉልበት ውጡት፣ ቁልቁለቱን ለመመለሻ አስቀሩት።

አዲስ ቅዳም በስሟ እንደምትነግራችሁ የቅዳሜ ገበያ ከተማ ናት። ቅዳሜ መንገዱ በሰው፣ በበግ፣ በአህያና በጋሪ ይሞላል። ጸጥታ የፈለገ ሌላ ቀን ይምረጥ።

ዳንግላም ተራ ከተማ አይደለችም። እንግሊዛዊው ሜጀር ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ የአገሩ ቆንስል ሆኖ የኖረው እዚህ ነበር። ከዚህ እየተነሣ በበቅሎና በእግር የጣናንና የዓባይን አካባቢ እያጠና ካርታ ሠርቷል። በበቅሎ ያን ያህል ከተሄደ በብስክሌት 40 ኪሎ ሜትር አያስፈራም!

ልምድ ላለው፦ ከእንጅባራ ወደ ቻግኒ። ከ2,500 ሜትር ወደ 1,600 ሜትር ገደማ የሚወርድ ረጅም ቁልቁለት ነው። ፍሬኑ ያልተፈተሸ ብስክሌት እዚህ መንገድ ላይ አይወጣም። ከደጋው ወደ ቆላ ስትወርዱ ሙቀቱም ይቀየራል፣ የወባ ትንኝም ይመጣል። እዚያ የምታድሩ ከሆነ አጎበር ውስጥ ተኙ። ከተመለሳችሁ ከሳምንት፣ ከሁለት ሳምንት ወይም ከዚያም ዘግይቶ ትኩሳት ቢመጣ "ብርድ መቶኝ ነው" ሳትሉ ደም ተመርመሩ፤ ቻግኒ ሄጄ ነበር ብላችሁም ለሐኪሙ ንገሩ።

ከአስፋልቱ ወደ ቀበሌዎቹ የሚገቡት የጠጠር መንገዶች ከሁሉም ጸጥ ያሉ ናቸው። በአፈ ታሪክ ሰባቱ የአገው ወንድማማቾች የሠፈሩባቸው የሚባሉት ባንጃ፣ አንከሻ፣ አዘና፣ ኳኩራ፣ ቻራ፣ ዚገምና መተከል የሚሉት ስሞች ዛሬም በዚህ ምድር ላይ ይጠራሉ። በቲሊሊ በኩል ደግሞ ወደ ግሽ ዓባይ ይኬዳል፤ እ.ኤ.አ. በ1618 ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ የዓባይን ምንጭ ያየበት ቦታ ነው። ጠጠር መንገድ ግን ከአስፋልት እጥፍ ጉልበት ሊጠይቅ ይችላል። አስፋልት ላይ 30 ኪሎ ሜትር የምትነዱ ከሆነ ጠጠሩ ላይ በ15 ጀምሩ።

አንድ ነገር ላስምርበት፦ በየትኛውም መንገድ ከመውጣታችሁ በፊት የዕለቱን የጸጥታ ሁኔታ የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። "ዛሬ ባትሄዱ ይሻላል" ከተባላችሁ አትሂዱ፤ መንገዱ ነገም ይኖራል። የት እንደምትሄዱና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ለአንድ ሰው ንገሩ፤ ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ ሊጠፋ ይችላል።

4. ስንቅ፦ ሳትራቡ ብሉ፣ ሳትጠሙ ጠጡ

ጡንቻችንና ጉበታችን ውስጥ የተቀመጠው ስኳር ለአንድ ሰዓት ተኩልና ለሁለት ሰዓት ገደማ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ነው የሚበቃው። ሲያልቅ እግር ይዝላል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰው ይነጫነጫል። ማኪያቶ ብቻ ጠጥቶ 40 ኪሎ ሜትር የሚወጣ ሰው መሀል መንገድ ላይ ይቀራል።

ከአንድ ሰዓት በላይ የምትነዱ ከሆነ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልጋችኋል። ከውጭ የሚመጣ የታሸገ ነገር አያስፈልግም፤ አዊ ላይ የሚበላ ሞልቷል፦

• የተቀቀለ ድንች፦ አንድ መካከለኛ ድንች 25 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለው። ጨው ነስነስ አድርጋችሁ ያዙ።
• ሙዝ፦ አንዱ ከድንቹ ጋር ተቀራራቢ ነው።
• በሶ፦ በማር የተለወሰ ወይም በውኃ የተበጠበጠ። አባቶቻችን ለመንገድ የመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም።
• ዳቦ ቆሎና ቆሎ፦ ጥሩ ነው፤ ግን ቆማችሁ አኝኩት። እየነዱ ቆሎ መቃም ትን ያስብላል።

ውኃ በየ15 እና 20 ደቂቃው ጥቂት ጉንጭ ጠጡ፤ በሰዓት ከግማሽ ሊትር ትንሽ አነስ ወይም በለጥ ይላል። ከተመለሳችሁ በኋላ ሽንታችሁን ተመልከቱ፦ ነጣ ያለ ቢጫ ከሆነ በቂ ጠጥታችኋል፤ እንደ ጠቆረ ሻይ ከሆነ አልጠጣችሁም። በሌላ በኩል በአንዴ ሁለት ሦስት ሊትር ንጹህ ውኃ መገልበጥም የደም ጨውን አውርዶ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያመጣል። ረጅም ጉዞ ላይ ከውኃው ጋር ጨው ያለው ምግብ ብሉ። የምንጭና የወንዝ ውኃ ቢያምርም ሳይታከም አይጠጣም፤ የውኃ ማከሚያ ያዙ።

የገጠሩ ሰው ደግ ነው። "ኑ ግቡ፣ ጠላ ቅመሱ" ማለቱ አይቀርም። ጠላውም አረቄውም ጉዞው ካለቀ፣ ብስክሌቱ ከቆመ በኋላ ይሁን። አልኮል ሚዛንን ያስታል፣ ውኃን ያስወጣል፣ ስኳርንም ያወርዳል።

5. ኮርቻው ልክ ነው?

የጉልበት ሕመም ይዘው ከሚመጡ ብስክሌተኞች የብዙዎቹ ችግር መድኃኒት አይፈልግም፤ ኮርቻውን ማስተካከል ብቻ ይበቃል። ኮርቻው ላይ ተቀመጡና ፔዳሉን እስከ ታች አውርዱት። ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ ስታደርጉ እግራችሁ ቀጥ ካለ ከፍታው ልክ ነው። በፊተኛው የእግር ክፍል ስትረግጡ ጉልበታችሁ ትንሽ ታጠፍ ይላል።

• ጉልበታችሁን ከፊት ለፊት ካመማችሁ፦ ብዙ ጊዜ ኮርቻው ዝቅ ብሏል።
• ከኋላ በኩል ካመማችሁ፦ ብዙ ጊዜ ከፍ ብሏል።
• ጣት ከደነዘዘ፦ መሪው ላይ የእጃችሁን አያያዝ ቶሎ ቶሎ ቀያይሩ፤ ክርናችሁን ላላ አድርጉ።
• ከብልት አካባቢ ከደነዘዘ፦ ኮርቻው ወደ ላይ ቀና እንዳይል አስተካክሉ፣ በየ10 ደቂቃው ብድግ ብላችሁ ንዱ። መደንዘዙ ካልተሻለ ወደ ሐኪም ሂዱ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

እህቶች በብዛት የምትጠይቁኝ፦ ብስክሌት መንዳት ማህፀንን አይጎዳም፣ መካንም አያደርግም። እርግዝና ላይ ግን መውደቅ አደጋ ስላለው የእርግዝና ክትትል የሚያደርግላችሁን ባለሙያ አማክሩ።

6. መድኃኒት የምትወስዱ፣ ይሄን ክፍል አትዝለሉት

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ ማንነቱ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ። ሃምሳዎቹ ውስጥ ያሉ የስኳር ታካሚ ናቸው፤ ግሊቤንክላማይድ ይወስዳሉ። በጾም ቀን ጠዋት ኪኒናቸውን ውጠው፣ ምግብ ሳይቀምሱ ብስክሌት ነድተው ወጡ። ከሁለት ሰዓት በኋላ መንገድ ዳር ቁጭ ብለው በላብ ተጠምቀው ተገኙ፤ ንግግራቸው ይዘበራረቃል። መንገደኛው "ሰክረው ነው" ብሎ አለፋቸው። አንዲት ሻይ የምትሸጥ ልጅ ግን ስኳር የበዛበት ሻይ አጠጣቻቸውና ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወሰዱ አደረገች። እዚያ ሲለኩ፣ ሻይውን ከጠጡ በኋላ እንኳን ስኳራቸው ገና 58 ነበር። ያቺ ልጅ ሕይወት አትርፋለች።

ስኳር ላለባችሁ፦

• ከመውጣታችሁ በፊት ለኩ። ከ90 በታች ከሆነ ሳትበሉ አትውጡ። ከ250 በላይ ሆኖ ሕመም ከተሰማችሁ ወይም ሽንት ላይ ኪቶን ከታየ ዛሬ ይቅር።
• ስኳርን በብዛት የሚጥሉት ኢንሱሊንና እንደ ግሊቤንክላማይድ ያሉት ናቸው። ሜትፎርሚን ብቻ የምትወስዱ ከሆነ አደጋው አነስተኛ ነው።
• ልትነዱ ስትሉ ኢንሱሊን ጭን ላይ አትወጉ፤ የሚሠራው ጡንቻ መድኃኒቱን ቶሎ ወደ ደም ያስገባዋል።
• ኪሳችሁ ውስጥ ስኳር ወይም ከረሜላ አይጥፋ። ካላባችሁ፣ ከተንቀጠቀጣችሁ፣ ዓይናችሁ ከደበዘዘ ወዲያው ቁሙ፤ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ ጠጡ፣ 15 ደቂቃ ጠብቁ፣ ካልተሻለ ድገሙ። ከዚያ ምግብ ብሉ፤ መንገዱን አትቀጥሉ።
• ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም ነገር አታድርጉ። በጎኑ አስተኝታችሁ ወደ ጤና ተቋም አድርሱት።
• ስኳር ከሰዓታት በኋላ፣ ሌሊትም ሊወርድ ይችላል። ረጅም ጉዞ ባደረጋችሁበት ቀን ከመተኛታችሁ በፊት ለኩ።
• ጾምን በተመለከተ፦ መጾምና ብስክሌት መንዳትን በአንድ ጠዋት አታጣምሩ። በጾም ወቅት መድኃኒታችሁ እንዴት እንደሚስተካከል ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ ስለ ጾሙም የንስሐ አባታችሁን ወይም የሃይማኖት አባታችሁን አማክሩ።

ግፊት ላለባችሁ፦ 180/110 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ መጀመሪያ ይስተካከል፤ ብስክሌቱ ይጠብቃችኋል። እንደ አቴኖሎል ያለ መድኃኒት የምትወስዱ የልብ ምታችሁ እንደሚጠበቀው ስለማይጨምር በምት ብዛት አትለኩ፤ የንግግር ፈተናውን ተጠቀሙ። የሚያሸና መድኃኒት የምትወስዱ ውኃ ቶሎ ስለሚያልቅባችሁ ምን ያህል መጠጣት እንዳለባችሁ ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ። መድኃኒት በራሳችሁ ፈቃድ አታቋርጡ።

አስም ላለባችሁ፦ የጠዋት ብርድ ደረትን ሊያጠብቅ ይችላል። በሐኪም የታዘዘላችሁን ሳልቡታሞል ከመውጣታችሁ 15 ደቂቃ ገደማ በፊት ውሰዱ፣ ኪሳችሁም ውስጥ ይሁን፣ አፍና አፍንጫችሁን በስካርፍ ሸፍኑ። የፋግታ ለኮማ አካባቢ በዲከረንስ ዛፍና በከሰል ምርት የታወቀ ነው። ከሰል የሚከሰልበት ጭስ ካያችሁ ዞራችሁ እለፉ፤ በጥልቀት እየተነፈሳችሁ ስለሆነ ከእግረኛው የበለጠ ጭስ ትወስዳላችሁ።

7. መንገድ ላይ የሚያጋጥሙ ነገሮች

ሄልሜት፦ "መንገዱ ጭር ያለ ነው" ብላችሁ አትተዉት። ጭንቅላት ለመጎዳት መኪና አያስፈልገውም፤ አንድ ጉድጓድ ይበቃል። ሄልሜት በጭንቅላት ላይ የሚደርስ ጉዳትን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ይተው፣ ማሰሪያው ጥብቅ ይሁን።

ቁልቁለት፦ ሁለቱንም ፍሬን በልክ ያዝ ለቀቅ እያደረጋችሁ ውረዱ። የፊቱን ብቻ ድንገት መያዝ በራስ ላይ ይገለብጣል። አቀበት ወጥታችሁ ያላባችሁ ከሆነ ከመውረዳችሁ በፊት ጃኬት ልበሱ። ጃኬት ከሌለ ደረት ላይ ልብስ ስር የተነጠፈ ጋዜጣ ነፋሱን ያስቆማል፤ የድሮ ብስክሌተኞች ዘዴ ነው።

ፈረስና ጋሪ፦ አዊ የፈረስ አገር ነው፤ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች በዓል ያየ ያውቀዋል። ከኋላ ድንገት ደወል አትደውሉ፤ ፈረሱ ሊደነብር ይችላል። ፍጥነት ቀንሳችሁ፣ ከሩቅ "እንደምን ዋላችሁ" ብላችሁ፣ ራቅ ብላችሁ እለፉ።

ውሻ፦ ሲያባርራችሁ መፍጠን ያጓጓዋል። ውረዱ፣ ብስክሌቱን በመሀል አድርጉ፣ ረጋ ባለ ድምፅ ተናገሩ፣ ባለቤቱን ወይም እረኛውን ጥሩ። ከነከሳችሁ፣ ጭረትም ቢሆን፣ ወዲያው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ አይድንም ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በፊት በክትባት ይከለከላል። ምልክቱ ሊታይ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ስለሚፈጅ "ይኸው ምንም አልሆንኩም" ብላችሁ አትዘናጉ። ጠበል መጠመቅ የምትፈልጉ ተጠመቁ፤ ክትባቱን ግን አትተዉ፣ የታዘዘውንም ሁሉ ጨርሱ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ጠይቁ።

ዝናብና መብረቅ፦ አዊ ዝናብ የሚበዛበት አገር ነው። በክረምቱ ከሰዓት በኋላ ጉዞ አታቅዱ። ለጀማሪ ከጥቅምት ጀምሮ እስከ በጋው ያለው ጊዜ ይሻላል። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ብቻውን በቆመ ዛፍ ስር አትጠለሉ፤ ቤት ወይም መኪና ውስጥ ግቡ።

8. መቼ ነው የሚቆመው?

ከሚከተሉት አንዱን ካያችሁ "ትንሽ ቀርቶናል" ብላችሁ አትቀጥሉ፦

• ደረት ላይ መጨነቅ ወይም ሕመም፣ ወደ ክንድ፣ አንገት ወይም መንጋጋ የሚሄድ
• ቆማችሁ ካረፋችሁም በኋላ የማይረጋጋ የትንፋሽ ማጠር ወይም የተዛባ የልብ ምት
• ዓይን ማጨለም፣ ራስን መሳት
• በአንድ ጎን ድንገተኛ ድካም፣ የአፍ መጣመም፣ ንግግር መኮላተፍ

እነዚህ የድንገተኛ ክፍል ጉዳዮች ናቸው፤ በመኪና ሂዱ እንጂ ብስክሌት ነድታችሁ አትምጡ።

ወድቃችሁ ጭንቅላታችሁን ከተመታችሁ ደግሞ ለ24 ሰዓት ያህል ብቻችሁን አትሁኑ። እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ መደናገር፣ ከጆሮ ወይም ከአፍንጫ ንጹህ ፈሳሽ ወይም ደም ከመጣ ወዲያው ወደ ሆስፒታል።

ዕድሜያችሁ ከ40 በላይ ሆኖ ለዓመታት ያልተንቀሳቀሳችሁ፣ የምታጨሱ፣ ወይም ቤተሰባችሁ ውስጥ በለጋ ዕድሜ የልብ ሕመም የነበረ ከሆነ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ጊዜ ተመርመሩ።

9. የመጀመሪያው ወር

• 1ኛ ሳምንት፦ 3 ቀን፣ በቀን 20 ደቂቃ፣ ሜዳ መንገድ ላይ።
• 2ኛ ሳምንት፦ 3 ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ።
• 3ኛ ሳምንት፦ 4 ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ፤ አንዱ ቀን ቀላል አቀበት ይኑረው።
• 4ኛ ሳምንት፦ 4 ቀን፤ ሦስቱ 30 ደቂቃ፣ አንዱ 60 ደቂቃ።

በየጊዜው ስትጨርሱ ድንገት አትቁሙ፤ የመጨረሻዎቹን 5 እና 10 ደቂቃዎች ቀስ ብላችሁ ንዱ። ድንገት ስትቆሙ ደም እግር ላይ ስለሚቀር ሊያዞራችሁ ይችላል። በአራተኛው ሳምንት ማብቂያ 150 ደቂቃውን ሞላችሁ ማለት ነው። ዳንግላ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ከመውጣታችሁ በፊት እነዚህን ፈትሹ፦ ፍሬን፣ የጎማ አየር፣ ካቴና፣ ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ ውኃ፣ ስንቅ፣ ስኳር፣ መድኃኒት፣ ጃኬት፣ ቻርጅ የተደረገ ስልክ፣ ያላችሁበትን ሕመም የሚገልጽ ወረቀት። ጎሚስታ በየመንደሩ የለም።

ስኳር ወይም ግፊት ያለባቸው እናት አባት፣ ወንድም እህት ካሏችሁ ተራ ቁጥር 6ን አንብቡላቸው። ጥያቄ ያላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ መድኃኒት ነክ የሆነውን በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ስትጽፉ የምትወስዱትን መድኃኒት ስምና መጠን አብራችሁ ግለጹ፤ ካለዚያ ትክክለኛ ምክር መስጠት አልችልም።

መልካም መንገድ፣ መልካም ጤንነት!